ሁለት ክረምት በበርሜል

ባሌ በተስቦ በሞተ በዓመቱ ከአገሬ ከትክል ድንጋይ ተነስቼ ጎንደርን አልፌ አዘዞ ገባሁ። ልጅ አልነበረንም። መሬቱን ወንድሞቹ ያዙት፤ ልከራከር እችል ነበር፤ ግን አቅሙ አልነበረኝም። ጣሊያን ከአገር ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነው። በየመንገዱ ዳር ጎማቸው የወለቀ መኪኖች ዝገው ቆመው ነበር፤ ዶሮ ይሰፍርባቸዋል። አዘዞ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። ከአንዲት አሮጊት ቤት ጥግ ተከራይቼ ጥጥ እየፈተልኩ ስኖር፣ ከመንደሩ ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ጣሊያን ጠርሙስ የሚያጥብለት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ።

ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ ከቀሩት አንዱ ነበሩ። ወፍጮና የውሃ ሞተር መጠገን ስለሚችሉ መንግሥት እንዲቀመጡ ፈቅዶላቸዋል ይባላል። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ አጭር፣ ጣቶቻቸው ዘይት የጠገቡ ሰው ናቸው። ሁሉም በፈረንጅ መጥሪያ ሙሴ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው።

«አንተ ጠርሙስ ታጥባለህ?» አሉኝ የመጀመሪያ ቀን።

«አጥባለሁ፤ ግን ሴት ነኝ ሙሴ።»

«አዎ፣ አዎ። ሴት ነህ» አሉና በሩን ከፈቱልኝ። እስከ መጨረሻው አንቺ ማለትን አልለመዱም።

ግቢው ውስጥ ግማሹ ከመሬት በታች የተሠራ የድንጋይ ቤት አለ። በጦርነቱ ጊዜ ጥይት ይከማችበት ነበር። አሁን ውስጡ ስድስት የእንጨት በርሜሎች በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ከአስመራ በጭነት መኪና የመጡ፣ ወገባቸው በብረት የታሰረ ናቸው። መስኮት የለውም። በጋም ክረምትም ቅዝቃዜው አንድ ነው። ደረጃውን ወርጄ ስገባ መጀመሪያ የመጣልኝ የእርጥብ እንጨት ሽታ ነበር፤ ከዚያ ሌላ፣ ጠጅም ጠላም ያልሆነ።

ጠርሙስ ማጠቡ ብዙ ሥራ አልነበረውም። የቀደመውን ዓመት ወይን የገዛው ጎንደር ያለው ሆቴል ባዶውን ይመልስልናል፤ በሙቅ ውሃና በአሸዋ አጥቤ ደፍቼ አደርቃለሁ። ሥራ ስፈታ ሙሴ ቀስ በቀስ ወደ በርሜሎቹ አስጠጉኝ። በየካቲት አንድ ነጋዴ ከእንፍራንዝ በኩል የወይን ፍሬ በአህዮች ጭኖ መጣ። ፍሬውን ከትልቅ ገንዳ ጨምረን፣ እግራችንን ታጥበን ረገጥነው። ለቀናት ፈላ። መፍላቱን ሲያቆም ጨምቀን ወደ በርሜል አገባነው። እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጠጅ ቢሆን ለእንግዳ የሚቀርብበት ጊዜ ነው።

«አሁን ሥራ ጀመረ» አሉ ሙሴ።

«ምነው ሙሴ? ፈልቶ አብቅቶ የለም?»

በትንሽ ብርጭቆ ቀዱልኝ። ቀመስኩት። እንዳልበሰለ እንኮይ ጥርሴን አጠረሰኝ፤ ፊቴን ሳኮማትር ሳቁ።

«አየህ? ይነክሳል። ሁለት ክረምት እንጨት ውስጥ ይተኛል። ከዚያ ጠርሙስ።»

ሁለት ክረምት። ለመጠጥ ያን ያህል የሚጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ሥራው ግን መጠበቅ ብቻ እንዳልሆነ ቶሎ ገባኝ። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ አተላው ከሥር ሲረጋ አንድ ባዶ ትርፍ በርሜል አምጥተን ወይኑን ተራ በተራ ወደ ንጹሕ በርሜል ገለበጥነው። መገልበጥ ስል ማንሳት አይደለም፤ በርሜል ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ሙሴ የጎማ ቱቦ ከላይ ያስገቡና በአፋቸው ስበው ሲፈስ ወደ ታችኛው በርሜል ይለቁታል። እኔ ከፍሰቱ ጀርባ ጧፍ እይዛለሁ። የጧፉ ብርሃን በወይኑ ውስጥ ቀይ ሆኖ እስከታየ ድረስ እንቀጥላለን፤ ደፍረስ ሲል «በቃ!» እላለሁ፣ ቱቦውን ይቆነጥጡታል። የሚገባበት በርሜል አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ድኝ ይጤስበታል። ድኙ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ነገር ግን ሻጋታን የሚከለክል እሱ ነው።

ከሁሉ የበለጠው ግን መሙላት ነው። እንጨቱ ራሱ ይጠጣል። ዛሬ እስከ አፉ የሞላ በርሜል በአሥራ አምስት ቀኑ ከላይ ጎድሎ ይገኛል፤ በጎደለው ቦታ አየር ይገባል፣ አየር የገባበት ወይን ኮምጥጦ አቼቶ ይሆናል። ስለዚህ ለመሙያ ከተቀመጠ ወይን እየተቀዳ፣ ጠብታ እንኳ ባዶ እስከማይቀር ድረስ ይሞላና በውታፍ ይደፈናል። በጣቴ መገጣጠሚያ እየመታሁ በድምፁ መለየት ለመድኩ። ሙሉው ድፍን ድምፅ አለው። የጎደለው ይጮኻል።

ያ ዓመት መጥፎ አልነበረም። የቸገረኝ ሰው ነው። በመንደሩ የጣሊያን ገረድ ተባልኩ፤ ሌላም ተባልኩ። ቤተክርስቲያን ስሳለም አጠገቤ የሚቆም ሰው ቦታ ይቀይራል። ልጇን በጦርነቱ ያጣች አንዲት ሴት ሰላም ስላት እጄን ሳትነካ አለፈች። አልፈረድኩባትም። ቤት ገብቼ ግን ብዙ ቀን እጄን ሳየው ከረምኩ። አሮጊቷም ልቀቂልኝ አለችኝና ሙሴ ግቢው ውስጥ ያለችውን የዘበኛ ክፍል ሰጡኝ።

የሚያነጋግረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በአዘዞ ቤተክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ቄስ ናቸው። መንገዳቸው በግቢያችን በር ስለሚያልፍ ቆም ብለው መስቀል ያሳልሙኝ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደምሠራ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ሁለት ክረምት?» አሉ ተገርመው። «እኛ ለቁርባኑ ዘቢቡን እንዘፈዝፈዋለን፣ እናሸዋለን፣ ለዕለቱ ይሆናል። ለነገ የሚተርፍ የለም።»

«የሙሴ ግን ለዕለቱ ቢጠጣ ጥርስ ያጠርሳል፣ አባቴ።»

«ይሁና» አሉ። «ለሥጋ የሚሆን ነገር ጊዜ ይፈጃል ማለት ነው።» ከዚያ ቀን ወዲህ ባለፉ ቁጥር ወይኑ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር። ወደ ውስጥ ግን አይገቡም፤ በሩ ላይ ነው የሚቆሙት።

ክረምቱ አልፎ በጥቅምት ሁለተኛውን ግልበጣ እንደጨረስን ሙሴ ሆዳቸውን ታመሙ። መጀመሪያ ዳቦ ተዉ፣ ኋላ ቡናም ተዉ። ፊታቸው እንደ ገለባ ቢጫ ሆነ። ጎንደር ያለው ሐኪም አስመራ ካልሄዱ አይድኑም አለ። አንድ የሚያውቁት ሾፌር በጭነት መኪና ሊወስዳቸው መጣ። በትንሽ ሣጥን ልብሳቸውን ያዙ። ከመሳፈራቸው በፊት ወደ ድንጋዩ ቤት ወርደን እያንዳንዱን በርሜል አብረን መታን። ሰሌን የለበሰ፣ ሆደ ሰፊ የብርጭቆ ጋን ሙሉ መሙያ ወይን ትተውልኛል።

«በአሥራ አምስት ቀን፣ ሙላ። አትነቅንቅ። ሰው አታስገባ። ጠርሙስ እኔ ስመጣ።»

«መቼ ይመጣሉ?»

ሦስት ጣት አወጡ። «ሦስት ወር።»

ቁልፉን በእጄ አስጨበጡኝ። ሾፌሩ ደግፎ አወጣቸው። መኪናው ወደ ጎንደር መንገድ ሲታጠፍ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለቤቱ እንጃ።

በኅዳር ደብዳቤ መጣ። ማንበብ ስለማልችል ለቄሱ ሰጠሁ። አስመራ ያለ አንድ የሐበሻ አስታማሚ እሳቸው ሲናገሩ የጻፈላቸው ነው። ቄሱ በሩ ላይ ቆመው አነበቡልኝ፦ «ደህና ነኝ። በርሜሉን ሙላ። አተላ ካየህ አትንካው። ጠብቀኝ።»

«ለማን ነው የጻፉት?» አሉ ቄሱ ግራ ገብቷቸው። «ለወንድ ነው።»

«ለእኔ ነው» አልኩና ሳቅሁ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ሌላ አልመጣም። ገና መጣ፣ ጥምቀት አለፈ። በየካቲት የወይን ነጋዴው አህዮቹን እየነዳ ደረሰ፤ ሙሴ የሉም ብዬ መለስኩት። በግቢው ጥግ ጎመንና ድንች ተክዬ በሱ ኖርኩ፤ ጥጥም ፈተልኩ። ቀኑ ረጅም ነው። ጠዋት አትክልቴን አጠጣለሁ፣ ወደ ድንጋዩ ቤት ወርጄ አያለሁ፣ እወጣለሁ። አንዳንዴ ቄሱ ባላለፉበት ሳምንት አንድም ቃል ከአፌ ሳይወጣ ይቀራል። አንድ ቀን ገበያ ወርጄ የጨው ዋጋ ልጠይቅ አፌን ብከፍት ድምፄ ሻክሮ አልወጣ አለኝ። ነጋዴዋ ታማለች ብላ መሰለኝ ዘንቢሏን ከፊቴ ሳበችው።

ታላቅ ወንድሜ የመጣው በመጋቢት ነው። ከትክል ድንጋይ በእግሩ ተነስቶ፣ ጎንደር አድሮ ደረሰ። እግሩን አጠብኩት፣ ያለኝን አቀረብኩለት። ግቢውን፣ ክፍሌን፣ የድንጋዩን ቤት የተዘጋ የብረት በር ዞሮ አየ።

«አንድ ሰው ጠይቆሻል» አለኝ። «ሚስቱ የሞተችበት ነው። ሸጋ ሰው ነው፤ በሬ አለው፣ ቤቱ ሙሉ ነው። ልወስድሽ ነው የመጣሁ።»

«አያ፣ አሁን አልችልም።»

«ምነው?»

«የሰው አደራ አለብኝ። ካልሞላሁት ይበላሻል።»

«ምኑን ነው የምትሞዪው?»

ይዤው ወረድኩ። ሰው አታስገባ የተባልኩትን ያፈረስኩት ለሱ ብቻ ነው። በጨለማው ቆሞ ስድስቱን በርሜል አየ። አንዱን ከፍቼ፣ እንዴት እንደጎደለ አሳየሁት፣ ሞልቼ ደፈንኩ።

«ይሄ ሰው ካልመጣስ?» አለኝ።

ውታፉን ደግሜ ጠበቅ አደረግሁት። ሦስቱ ወር ካለፈ ሰንብቷል። ወደ ክፍሌ ስንመለስ ወንድሜ ያቀረብኩለትን ሳይጨርስ ተነሳ። እስከ ዋናው መንገድ ሸኘሁት። «ሰውየው ብዙ አይጠብቅም» አለኝና ትከሻዬን ስሞኝ ሄደ። ስመለስ ቀጥታ ወደ ድንጋዩ ቤት ገብቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ብሄድ ይሻለኝ ነበር ወይ? ሰላሳ ዓመት አልሞላኝም። ሰው ያለበት ቤት፣ የሚጠራኝ ሰው ያለበት ቤት እምቢ ብዬ፣ የማይናገር ነገር ይዤ መቅረቴ ነው። እውነቱን ለመናገር አደራው ብቻ አልነበረም። በሕይወቴ እኔ ከሌለሁ የሚበላሽ ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

በሚያዝያ ወባ ያዘኝና ለሦስት ሳምንት ያህል ከአልጋዬ አልተነሳሁም። ውሃ ያቀብሉኝ የነበሩት ቄሱ ናቸው። ስድን እየተንገዳገድኩ ወደ በርሜሎቹ ወረድኩ። ከበሩ አጠገብ ያለውን ገና ስመታው ጮኸ። ውታፉን ስነቅል ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ ከላዩም ስስ ነጭ ሽፋን ሠርቷል። አቼቶ ሆኗል። ሙሴ የታመመ በርሜል ካለ ከሌሎቹ ለዩት፣ ይጋባል ይሉ ነበር። ስለዚህ በቱቦ እየሳብኩ ወደ ሸክላ ጋን ገለበጥኩትና ጋኑን ከግቢው ማዶ አርቄ አስቀመጥኩ። ቱቦውን ደጋግሜ አጠብኩ። ማልቀስ የመጣብኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

የቀሩት አምስቱ ደህና ነበሩ፤ ግን ጎድለዋል። በብርጭቆው ጋን የነበረው መሙያ ሁሉንም ለመሙላት አልበቃም፤ ተንጠፈጠፈና አለቀ። ክረምቱ ገና አልገባም። ውሃ ልጨምር? ውሃ ይገድለዋል። ከአንዱ በርሜል ቀንሼ ሌሎቹን ልሙላ? ያ በርሜል ራሱ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ቀን ሳስብ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ጎመን ላጥብ እጄን ሙሉ ባልዲ ውስጥ ብከት ውሃው በዳሩ ፈሰሰ። እጄ የያዘውን ቦታ ያህል ውሃ ነው የወጣው።

ወንዝ ወረድኩ። የእርግብ እንቁላል የሚያህሉ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ውሃ ያለሰለሳቸውን ጠጠሮች መረጥኩ። ነጩንና የሚፈረፈረውን ተውኩ። በአመድ አሽቼ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ፣ ቀቅዬ አደረቅኋቸው። ከዚያ አንድ በአንድ፣ በጣቴ ጫፍ እየያዝኩ፣ ወይኑን እንዳላናውጥ ጣቶቼን በአፉ አስገብቼ ለቀቅኋቸው። ወይኑ ቀስ እያለ ወደ አፉ ከፍ አለ። አንድ በርሜል ለመጨረስ እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ የምጨምረው ጠጠር ሆነ። ትክክል ይሁን ስህተት የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

ክረምቱ ገባ። የአዘዞ ጭቃ መንገዱን ዘጋው፤ ቄሱም በቤተክርስቲያኑ ደጅ ካልሆነ አላገኛቸውም። የዚያን ክረምት ዝናብ ብዙ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው የድንጋዩን ቤት ጸጥታ ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሙሴን የወሰደው ሾፌር ከግቢው በር ላይ መኪናውን አቆመ። እየሮጥኩ ወጣሁ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

«ከገና በፊት ነው የሞቱት» አለኝ። «ሆስፒታሉ ሰው ልኮ የነገረሽ መስሎኝ ነበር። እኔ ሥራዬ ወደ ምጽዋ መንገድ ተዛውሮ ነው እስካሁን ያልመጣሁት።»

«ማን ቀበራቸው?»

«የሆስፒታሉ ሰዎች። ዘመድ አልተገኘም። ባሕር ማዶም ማንም የላቸውም ብለው ለአስታማሚው ነግረውታል።»

ከገና በፊት። በጣቴ ቆጠርኩ። ወንድሜን በመለስኩበት ቀን ሙሴ ሞተው ነበር። በወባው ሳቃስት፣ ጠጠር ስቀቅል ሞተው ነበር። ያዘንኩት ለሳቸው ነው፣ ግን እዋሻለሁ ለሳቸው ብቻ ነው ብል። ሾፌሩ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። እኔም አሥራ አምስት ቀኑ የሞላበት ዕለት ስለነበር ወርጄ ሞላሁ።

በማግሥቱ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። «አሁን የማን ነው አባቴ?»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም» አሉ። «ግን ብትተዪው ይበላሻል። መጀመሪያ እንዳይበላሽ አድርጊ። ባለቤት ነኝ የሚል ከመጣ ትሰጪዋለሽ።»

በኅዳር፣ ነፋስ የሌለበት ጥርት ያለ ቀን መረጥኩ። ሙሴ ወይን ወደ ጠርሙስ የሚገባው እንዲህ ባለ ቀን ነው ይሉ ነበር። ጠርሙሶቹ ታጥበው ደርቀዋል። ቡሾቹን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌያለሁ። ቄሱ ሊያዩኝ መጥተው እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ። በአንድ እጄ ቱቦ፣ በአንድ እጄ ጧፍ ይዤ ጠርሙስ ለመቀየር ስታገል ጥቂት ተመለከቱኝ፤ ከዚያ ነጠላቸውን በወገባቸው አሸርጠው፣ ደረጃውን ወርደው ገቡ። ጠርሙስ ያቀብሉኛል፣ የሞላውን ይቀበሉኛል። እኔ ቡሹን በእንጨት መዶሻ እመታለሁ። ብርሃኑ በወይኑ ውስጥ ጥርት ብሎ ያልፍ ነበር።

«ቅመሺው እንጂ» አሉኝ መጨረሻ ላይ።

እስካሁን አልቀመስኩም ነበር፤ ፈርቼ ነው። ጥቂት ቀዳሁ። አልነከሰኝም።  «ሸጋ ነው» ብቻ አልኩ። እሳቸውም ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጎንደር ላለው ሆቴል ሁለት ጠርሙስ በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። አስተዳዳሪው አንዱን ከፈተ፣ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየ፣ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሙሴ ተመለሱ እንዴ?» አለኝ።

«ሞተዋል።»

«ታዲያ ይህን ማን ጨረሰው?»

«እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሁሉንም እንዳመጣለት ነገረኝ፤ አቼቶውንም ለሰላጣ ወሰደው። ባለቤት ነኝ ያለ ሰው አልመጣም። በጥር ግን ከመንግሥት የተላኩ ሁለት ሰዎች መጥተው ግቢው የእህል መጋዘን ሊሆን ነው አሉኝ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ዕቃዬን እንዳወጣ ሳምንት ሰጡኝ። ቁልፉን አስረከብኳቸው። በርሜሎቹ ለሁለት ተሰንጥቀው የከብት ገንዳ ሆኑ ሲባል ሰማሁ፤ ሄጄ አላየሁም።

ትክል ድንጋይ ወንድሜ ዘንድ ወጥቼ አንድ ጠርሙስ ሰጠሁት። ጠያቂዬ ሌላ ሴት አግብቶ ነበር። ወንድሜ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ፊቱን ሰበሰበ።

«ለዚህ ነው?» አለኝ።

«ለዚህ ነው አያ።»

ሌላም ጎንጨት አለ። ጠርሙሱን ግን አልመለሰልኝም።

ሆቴሉ የመጠጥ ዕቃ ቤቱን እንድጠብቅ ቀጠረኝና ጎንደር ቀረሁ። ሥራው ጥሩ ነበር። ከሰው ጋር መብላት ግን አልቻልኩም። ሌሎቹ ሠራተኞች ወጥ ቤት ተሰብስበው እየተሳሳቁ ሲበሉ እኔ ሳህኔን ይዤ ወደ ዕቃ ቤቱ እገባ ነበር። ማንም አላባረረኝም፤ ለምጄው ነው። ወራት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን የሆቴሉ ልብስ አጣቢ፣ እንደኔ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሳህኗን ይዛ ተከተለችኝና ሣጥን ስባ ተቀመጠች።

«እዚህ ይበርዳል» አለችኝ።

«መብረድ አለበት» አልኳት። «ሙቀት አይወድም።»

«ምኑ?»

ነገርኳት። ሳህኗ ውስጥ ያለው እስኪቀዘቅዝ ሰማችኝ። በማግሥቱም ሣጥኑን ስባ ተቀመጠች።